የመዝጊያው ስንኝ በሚኒባስ

ሐማሲያ ከልባቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል። በላሮንጋ መንደር የምንኖር ሁሉ ይህን እናውቃለን። የሚያጨሱትን ዓሣ ድመት ብትዳፈርባቸው፣ ለእሳት ያደረቁትን የኮኮናት ልጣጭ ጎረቤት ቢያነሳባቸው፣ አስፋልቱን ተሻግሮ መስጊዱ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ይለቃሉ። ያ ቁጣ አይደለም፤ የቀኑ ጨዋታ ነው። እውነተኛው ቁጣ ሲመጣ ግን ድምፃቸው አመድ እንደለበሰ ፍም ወደ ውስጥ ይገባል። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ስንኖር ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በበራሪ ዓሣው ወቅት መግቢያ ላይ ሰማሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ቤታቸው በትልቁ መንገድና በባሕሩ መካከል በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። በፊት በር ሲወርዱ አስፋልት ነው፣ በኋላ በር ሲወርዱ አሸዋ። በአስፋልቱ በኩል ዓሣ ያጨሳሉ። በራሪውን ዓሣ በቀርከሃ እየሰኩ፣ ክንፉን ዘርግተው ፍም ላይ ያጋድሙትና ከካሳቫ ቂጣ ጋር ለመንገደኛ ይሸጡታል። በአሸዋው በኩል ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲሸኙና ሲቀበሉ ኖረዋል፤ መጀመሪያ አባታቸውን፣ ቀጥሎ ባላቸውን ሱባይርን፣ አሁን ደግሞ ልጃቸውን ሙኽሊስን።

እኛ ጀልባ ያለ ዘፈን አናወጣም። ግራና ቀኝ የቀርከሃ ክንፍ ያላትን ቀጭን ነጭ ጀልባችንን፣ ሳንዴቅን፣ ወንዶቹ ወደ ውኃው ሲገፏት፣ የካፒቴኑ ሚስት፣ ሚስት ከሌለው እናቱ፣ አሸዋው ላይ ቆማ ታወጣለች፤ እነሱ ይቀበላሉ።

መልሕቁን አንሡ፣ ነፋሱ ጠርቶናል፤
ምድር ሆይ ደኅና ዋይ፣ ማዕበል ወስዶናል።

እንዲህ እያለ ስለ ሸራው፣ ስለ ኮከቡ፣ ጨው ስለነካው ሩዝ፣ ባሕር መሃል ስለሚናፈቅ የሚስት ፀጉር ይቀጥላል። ግን አያልቅም። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ አፏን ትገጥማለች። ያ ስንኝ አፏ ውስጥ ይቀራል። የጀልባዋ ሆድ ተመልሶ አሸዋውን የነካ ጊዜ ታወጣዋለች፤

እግር አሸዋ ነካ፣ ገመድም ታሰረ፤
ማዕበል የወሰደው ከደጁ አደረ።

ልጆች ሳለን ይህን ስንኝ በጨዋታ መሃል ብናንጎራጉረው ከየት መጣ ሳይባል ጥፊ ያርፍብን ነበር። ዘፈኑ ክፍት እስከሆነ ድረስ የካፒቴኑ ቤት በር አይቀረቀርም፤ የካፒቴኑ ሸሚዝ ከምስማሩ አይወርድም። መንገደኛ ነዋ። ይመጣል።

ያልመጣ እንደሆነ ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ አዛውንት ካፒቴኖች ሴትዮዋን ይዘው ወደ ውኃው ይወርዳሉ፤ ባዶውን ባሕር እያየች ያንኑ ስንኝ ትዘፍናለች። ለዚህ የሚሆን ሌላ የሐዘን ግጥም የለንም። የተመለሰውንም የማይመለሰውንም በአንድ ስንኝ ነው የምንቀበለው። «ከደጁ አደረ» የሚለው ለሰመጠ ሰው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር አፌን ይዤ እቀራለሁ። በማካሳር ዩኒቨርሲቲ ስንት ግጥም ሲተነተን ሰምቻለሁ፤ ይህን የሚያክል ግን አልገጠመኝም። ስንኙ ከተዘፈነ በኋላ አስከሬን በሌለበት የጀናዛ ሶላት ይሰገዳል፣ ሸሚዙ ከምስማሩ ወርዶ ለቅርብ ዘመድ ይሰጣል፣ በሩ ይቀረቀራል። ሴትዮዋም ትተኛለች።

ሱባይር ቀልደኛ ሰው ነበር። የተጋቡ ሰሞን ሚስቱን አስቀድሞ ለማስዘፈን ሲል ጀልባዋ ገና ሳትደርስ ዘሎ ውኃ ውስጥ ይገባ ነበር አሉ።

«ይኸው እግሬ አሸዋ ነካ! በይ እንጂ!»

«ያንተ እግር ነካ፣ የጀልባዋ ሆድ አልነካም። ቁም እዚያው!»

«ሴትዮ፣ ርቦኛል!»

«ዓሣ መሃል ቆመህ ነው የራበህ?»

ወንዶቹ በሳቅ ብዛት ጀልባዋን መግፋት ያቅታቸው ነበር። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ሐማሲያ ናቸው፤ ሲነግሩኝም «ቁም እዚያው!» የሚለውን እጃቸውን ዘርግተው፣ እሱ አሁን ፊታቸው እንደቆመ አድርገው ነው።

የምዕራቡ ነፋስ በበረታበት አንድ ወቅት ሱባይር ወጥቶ ቀረ። ከጀልባዋ የተመለሰ አንድ የክንፍ ቀርከሃ ብቻ ነው፤ ነጭ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ሐማሲያ ያን ዓመት ሙሉ በሩን ሳይቀረቅሩ አሳለፉት። በሩ ያልተቀረቀረ ሰው እንዴት ይተኛል? ሸርጣን አሸዋው ላይ ሲሄድ፣ ኮኮናት ሲወድቅ፣ ውሻ ደረጃውን ሲያሸት እየተነሡ ይወጡ ነበር። ከስተው የእጅ አምባራቸው እስከ ክርናቸው ይወጣ ጀመር። ዓመቱ ሲሞላ የካፒቴኖቹ ታላቅ ቤዱ፣ በአክብሮት ፑዋ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መጡና እጃቸውን ይዘው ወደ ውኃው አወረዷቸው። እኛም መንደሩ በሙሉ ከኋላ ቆመናል። ስንኙን ሲያወጡ መሃሉ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ አለቀሱ፣ እንደገና አንሥተው ጨረሱት። ሸሚዙ፣ ሰማያዊው፣ አንዱ ቁልፉ ጠፍቶ ሐማሲያ በቀይ ቁልፍ የተኩት፣ ለሟች እህታቸው ልጅ ለኢርፋን ተሰጠ። ኢርፋን በሐማሲያ ድስት ያደገ፣ ከተማ ገብቶ የበዓላት አዘጋጅ የሆነ፣ የራሱ ትንሽ የሙዚቃ ስቱዲዮ ያለው ሰው ነው። በዚያ ቀን አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ስልኩ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ እንደነበር ማን ልብ ይላል?

ሐማሲያ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያም በኋላ ተኙ። አምባራቸው ወደ እጃቸው ተመለሰ።

ዘንድሮ እንግዲህ የበራሪ ዓሣ እንቁላል የሚለቀምበት ወቅት ደርሶ ሙኽሊስ ጀልባውን ቀለም ቀብቶ ጨርሷል። ገና ስላላገባ የጀልባው ስንኝ በእናቱ አፍ ነው ያለው። አንድ ረፋድ ላይ ሐማሲያ ፍሙን እያራገቡ ሳለ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ከውስጡ ከበሮ ይደልቃል፣ ኪቦርድ ያንቋርራል፤ ተሳፋሪዎቹ ያጨበጭባሉ። ከከበሮው በላይ ደግሞ አንዲት ሴት ትዘፍናለች።

እግር አሸዋ ነካ፣ ገመድም ታሰረ...

እኔ ደረጃዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ያን ድምፅ ለይቼ ከማወቄ በፊት ያየሁት የሐማሲያን ፊት ነው። በሌላ ሰው አፍ ውስጥ የራሱን ምላስ ያየ ሰው እንዲያ ሳይሆን አይቀርም። በእጃቸው የያዙት ዓሣ ፍሙ ላይ ወድቆ ማረር ጀመረ።

«እማማ፣ ዓሣው አረረ እኮ!» አለ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እየጨፈረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቱ?»

«ይሄ የሚዘፈነው።»

«አያውቁትም እንዴ? በየት አገር ነው የሚኖሩት እማማ! 'አሸዋ ነካ' ነው እኮ! ሠርግ ቢሉ ልደት ቢሉ ያለሱ የለም።»

«ሠርግ ላይ?»

«አዎና! ሙሽሮቹ ሲገቡ!»

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። ምስሉ ላይ ኢርፋን ባሕር ዳር ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይወዛወዛል። የለበሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ቀይ።

ሐማሲያ ስልኩን መለሱላት። «አመሰግናለሁ ልጄ» አሉ በዚያ ዝቅ ባለው ድምፅ። ያረረውን ዓሣ ከፍሙ አንሥተው ለድመቷ ወረወሩላት፤ ድመቷ እንኳ ደነገጠች።

የሚቀጥለው ነገር ምን እንደሚሆን ለመንደራችን ሰው መንገር አያስፈልግም። ስንኙ ውስጥ ስም የለም። በየትኛው አፍ እንደወጣ ነው የሚታየው፤ ከዚያች ሴት ቤት ወጥቶ ባሕር ላይ ያለ ማንም ቢሆን ዘፈኑ ይዘጋበታል፤ እንደሰመጠ ይቆጠራል። ሙኽሊስ ከወጣ በኋላ የእናቱ አፍ በየሚኒባሱ፣ በየሠርጉ፣ ከተማ ባለው ፀጉር ቤት ሁሉ እየደጋገመ ሊዘጋበት ነው።

እኔ ስንኝ ሰው እንደማያሰጥም አውቃለሁ። ግን የፈራ ሰው እጁ ይዘገያል፤ ሸራ በሚገለበጥበት ሰዓት የዘገየ እጅ ሰው ያሰጥማል። ስለዚህ የሙኽሊስ ጀልባ ሰዎች አንድ በአንድ መቅረት ሲጀምሩ መሳቅ አልቻልኩም። ሁሉን ወክሎ የመጣው ሩስታም ነው፤ ቀዛፊው፣ ወሬኛው። ደረጃው ሥር ቆሞ መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ።

«የሙኽሊስ እናት፣ እርስዎን ጠልተን አይደለም...»

«ቀጥ ብለህ ተናገር።»

«በተዘጋ ዘፈን አልሳፈርም። ሠርጌ ከወቅቱ በኋላ ነው። ልጅቷ ቤት ሽማግሌ የላክሁት ሦስቴ ተዋርጄ ነው፣ አሁን እሺ ቢሉኝ ልስመጥ?»

«ብትሰምጥ ልጅቷ ትገላገላለች።»

«እሱን እሷም ብላኛለች» አለ ሩስታም። ከዚያ ሳቁ ጠፋና «ትናንት ወደ ገበያ ስሄድ በአንድ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ሰማሁት። አራቴ ዘጉን። ገና ሳንወጣ» አለ።

ሙኽሊስ የሸራ ገመድ እየፈተለ ነበር። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ በአባቱ ቀልድ ፋንታ የአባቱን ትከሻ ነው የወረሰው። «ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ሁሉም ግን ከየት እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ከየትም። ወቅቱ ያልፋል፤ እንቁላሉን ሌላው ለቅሞ ይመለሳል፤ ካፒቴን ጀልባው አሸዋ ላይ እያለ ወቅት ካለፈው በሚቀጥለው ዓመት የሚከተለው ሰው የለም። ካፒቴንነቱ ያበቃል ማለት ነው።

ኢርፋን ሳይጠበቅ መጣ። በካርቶን ኬክ ይዟል፤ ፊቱ በደስታ ያበራል። ደረጃውን ሲወጣ ጀምሮ ይጮሃል።

«አክስቴ! ታዋቂ ሆነሻል እኮ! ጃካርታ ድረስ እየጨፈሩበት ነው!»

«በምን?»

«በድምፅሽ!»

«ተቀመጥ» አሉት። «በባሌ ቀብር ላይ ነው የሚጨፈረው?»

«ኧረ እንደሱ አትበይው። አጎቴ ሱባይር እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

«ማን ረሳው? አንተ ረስተኸው ነበር?»

«እኔማ... ባህላችን እንዲተዋወቅ ብዬ ነው አክስቴ። ወጣቱ የጥንቱን ዘፈን መች ይሰማል? ከበሮ ሳይገባበት መች ይሰማል?»

«ከበሮውንስ ተወው። መሃሉ ላይ አልቅሼ ነበር። ልቅሶዬን የት አደረስከው?»

ኢርፋን ኬኩን አየ፣ ጣራውን አየ። እኔ በግድግዳው ቀዳዳ እያየሁ እሰማለሁ።

«ቆረጥኩት» አለ በመጨረሻ። «ከምቱ ጋር አልሄደም።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሰማሁ። ኢርፋን ባዘጋጀው የከተማው በዓል መድረክ ላይ ትልልቅ ሰዎች ስለ ባሕር ቅርሳችን ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ከአያቶቻችን የወረስነው ዜማ» ሲሉ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ሰማሁ። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ያ ነው። ከምቱ ጋር አልሄደም! አንዲት ሴት ዓመት ሙሉ በራፍ ላይ ስትቀመጥ ከርማ ያወጣችው እንባ፣ በጣት አንድ ጊዜ ነክተው የሚጥሉት ትርፍ ጨርቅ! ኢርፋን ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉ አይደለም። አክስቱን ይወዳል። ኬኩንም የመረጠው ኮኮናት ያለበትን፣ እሳቸው የሚወዱትን ነው።

«አጥፋው» አሉት ሐማሲያ።

«አይጠፋም አክስቴ። እኔ ከእኔ ዘንድ ባወርደውም በየሰዉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ነፋስ ማለት ነው፤ አንዴ ወጥቷል።» ከዚያም፣ አላህ ያሳያችሁ፣ ጨመረበት፤ «ይልቅ ቅዳሜ በዓሉ ላይ አንቺው ራስሽ መድረክ ላይ ብትወጪና ብትዘፍኚው...»

ሐማሲያ ተነሥተው የኬኩን ካርቶን ዘጉና እጁ ላይ አኖሩለት። «ጫማህን አድርግ» አሉት።

አመሻሹ ላይ ፑዋ ቤዱ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ባሕረኞቹ ልከዋቸው ነው። ደረጃውን ለመውጣት ጉልበታቸው ስላልፈቀደ ከታች ሆነው ነው የተናገሩት፤ ሐማሲያም ወርደው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ዘፈን የሚከፈትበት መንገድ አለ» አሉ ሽማግሌው። «ልጅ ሆኜ አንዴ አይቻለሁ። ተዘግቶበት፣ ተሰግዶበት፣ ከዚያ ማዕበል ቦርኒዮ ጥሎት የቆየ ሰውዬ በእግሩ መጣ። ሚስቱ ውኃ ውስጥ ገብታ የመውጫውን ስንኝ እንደገና አወጣች። ሸሚዙ ወደ ምስማሩ ተመለሰ። ያን ጊዜ መዝጊያው እንዳልተባለ ሆነ።»

«ያ ሰው በሕይወት መጣ፣ ፑዋ። ሱባይር ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ታዲያ ምን እያሉኝ ነው?»

«በሚኒባሱ የሚዞረው ስንኝ ያኔ ለሱባይር ያልሽው ነው። አንቺ አልዘጋሁም ካልሽ ያ ስንኝ ባዶ ጩኸት ይሆናል። ልጆቹ ይሳፈራሉ። አንቺ ግን...»

«እኔ ግን የመንገደኛ ሚስት እሆናለሁ። በሬ አይቀረቀርም።»

ባሕሩ በዚያ ሰዓት የታጠበ ብረት ይመስላል።

«እኔ ያን ስንኝ ያልሁት ልተኛ ብዬ ነው» አሉ ሐማሲያ። «ለሱባይር ብዬ መሰላችሁ? እሱማ የትም ይተኛል፤ የቀልድ ሰው። ለራሴ ነው። በጉሮሮዬ ቀበርኩት። አሁን ለአንድ ድምፅ ማጉያ ብዬ ቆፍሬ ላውጣው?»

«አላዘዝኩሽም» አሉ ሽማግሌው። «ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

የመስጊዱ ኢማም ጭምር በኋላ መጥተው፣ ሶላት አንዴ ከተሰገደ ተሰግዷል፣ ይህ ሁሉ የባሕር ሰዎች ነገር ነው ብለዋቸው ነበር። ሐማሲያ በአክብሮት አዳመጧቸው። «ልክ ነው» አሉ። «ሩስታምን ግን እርስዎ ጀልባ ላይ ያስቀምጡልኝ።» ኢማሙ ሩስታምን ያውቁታል፤ ተሰናብተው ሄዱ።

ሐማሲያ ለጥቂት ቀናት እንደ ወትሮው ሰነበቱ። ዓሣ ያጨሳሉ፣ ዓሣ ይሸጣሉ። ሙኽሊስ አሸዋው ላይ ጀልባው ሥር ይቀመጣል። ሌሎች ጀልባዎች ወጡ፤ ሚስቶቻቸው አወጡ፣ ወንዶቹ ተቀበሉ። የሙኽሊስ ጀልባ በአዲስ ቀለሟ ብቻዋን ስትቀር ባዶ ድድ ላይ እንደቀረች አንድ ጥርስ ሆነች። ልጁ አንድም ቀን አልለመናቸውም። ያ ይመስለኛል ያስቆረጣቸው።

«ኢርፋንን ጥሩልኝ» አሉ አንድ ጠዋት። «ሸሚዙን ይዞ ይምጣ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ እንዳይመጣ፤ እንዳለ።»

ኢርፋን መጣ። መጀመሪያ መስሎት የነበረው መድረኩን እሺ ያሉት ነው። ሸሚዙን ሲጠየቅ ፊቱ ተለወጠ፤ «የቪዲዮው ልብስ እኮ ነው፣ ቅዳሜ ልለብሰው ነበር» አለ። ፑዋ ቤዱ በምርኩዛቸው ወደ ውኃው አመለከቱት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ሸሚዙን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ከአክስቱ ጋር ገባ። ውኃው ሱሪውን አልፎ ወገቡ ደረሰ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ሰዓቱን ጭምር እንዳሰረ፣ ሸሚዝ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ሲቆም ሌላ ጊዜ ቢሆን መንደሩ በሳቅ ይሞት ነበር። ያን ቀን የሳቀ የለም።

ሐማሲያ ፊታቸውን ወደ ክፍት ባሕሩ አዙረው አወጡ። መልሕቁን አንሡ፣ ነፋሱ ጠርቶናል። ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ወፍራም፣ ቁጣ የተጋገረበት ነው። ለባል የሚዘፈን የመሸኛ ዘፈን በዚያ ንዴት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ባሕሩን የሚጣሉት ይመስላል። «ማዕበል ወስዶናል» ሲሉ እኛ አሸዋ ላይ ያለነው ተቀበልን። ሩስታም ከሁሉ በላይ ጮኸ። በየስንኙ እየሄዱ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አፋቸውን ገጠሙ። ኢርፋን ያለቅስ ነበር። እሱ ያለቀሰውን ማንም አልቆረጠበትም።

ሸሚዙ ወደ ምስማሩ ተመለሰ። ሙኽሊስ በማግስቱ ከነሰዎቹ ወጣ፤ እናቱ ሸኙት። ጀልባዋ ነጭ ነጥብ ሆና ገና ሳትጠፋ ከአስፋልቱ በኩል ሚኒባስ መጣ፤ ያው ከበሮ፣ ያው ኪቦርድ፣ ያው የሐማሲያ ድምፅ፣ «እግር አሸዋ ነካ» እያለ። ሁላችንም ደነገጥን። ያኔ ዓሣ የሚያጨሱት ሴቶች፣ ማን እንደጀመረ እንጃ፣ ማራገቢያቸውን እያጋጩ «መልሕቁን አንሡ!» ብለው ተነሡበት። መኪናው እስኪያልፍ ጮኹበት። ሾፌሩ ሆታ መስሎት በክላክስ አጀባቸው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ ሆነ። ሚኒባስ በዘጋ ቁጥር ሴቶቹ ይከፍታሉ። ከጩኸቱ ብዛት ጉሮሯቸው ሻክሮ በሹክሹክታ የሚነጋገሩበት ጊዜ ነበር።

ቅዳሜ በዓሉ ተካሄደ። ኢርፋን በሌላ ሸሚዝ ዘፈነ፤ መዝጊያው ላይ ሲደርስ ድምፁን ቀንሶ አሳለፈው። ሕዝቡ ግን በቃሉ ያውቀው የለ፤ እየዘለለ ጨረሰለት። ጽሕፈት ያለበት የመስታወት ሽልማት ተሰጠው።

ሙኽሊስ ወቅቱ ሳያልቅ ተመለሰ። ጢሙ አድጎ፣ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቆ፣ ጀልባው በእንቁላል ሞልታ። ሐማሲያ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ጠበቁት። ሩስታም ከሩቅ ዘሎ ወረደና «ይኸው እግሬ ነካ!» ብሎ ጮኸ። ሐማሲያ እጃቸውን ዘረጉ፤ «ቁም እዚያው!» አሉት። አንድ አፍታ ሁላችንም ሌላ ሰው አየን። የጀልባዋ ሆድ አሸዋውን ጫረ። ከዚያ ስንኙን አወጡት፣ ለልጃቸው፣ በገዛ አፋቸው፣ ያለ ከበሮ።

ፑዋ ቤዱ ቀረብ ብለው «በይ እንግዲህ» አሉ፤ «አፍሽ ከሞቀ አይቀር የሱባይርንም ዝጊው። ልጁ እንደሆነ ገብቷል።»

ሐማሲያ የቀሚሳቸውን ጠርዝ እየጨመቁ ወደ መንገዱ አዩ።

«ብዘጋው የሚኒባሱ ስንኝ እንደገና እውነት ይሆናል» አሉ። «ይሄ ልጅ ደግሞ ነገ መልሶ ይወጣል። ያኔስ? እንደገና ልክፈት? ባሌን በየወቅቱ ልግደል፣ በየወቅቱ ላስነሣ?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱባይር እንዲሞት ዘፈኑ ከፋሽን እስኪወጣ መጠበቅ አለብን! እንዲህ ያለ ፍርድ በየትኛው አገር ተሰምቶ ያውቃል? የሰመጠ ሰው ማረፊያው በሠርግ ቤት ምርጫ ላይ ሲንጠለጠል?

ሸሚዙ ምስማሩ ላይ ነው። በሩ አይቀረቀርም። በግድግዳው በኩል ሐማሲያ ሲነሡ እሰማቸዋለሁ፤ ሸርጣን ይሆናል፣ ኮኮናት ይሆናል። አምባራቸው እንደገና ወደ ክርናቸው እየወጣ ነው። ጠዋት ግን ከፍማቸው አጠገብ አይጠፉም። ሚኒባስ ሲቆም ዓሣውን ገልበጥ ያደርጉና ጆሯቸውን ያቀናሉ።

«ዛሬም ይኸው ነው?» ይሉታል ረዳቱን። «ይሄን ሁሉ መንገድ ስትመላለሱ፣ በአገሩ አዲስ ዘፈን አልወጣም?»

«ገና ነው እማማ፤ ይሄ ገና ይሞቃል!»

«እሺ» ይላሉ በዚያ ዝቅ ባለው ድምፅ፣ ዓሣውን እየጠቀለሉለት። «ሲወጣ ንገረኝ።»